የፈታሿ ቢላ

በፍርድ ቤቱ የሴቶች መግቢያ ላይ የምትፈትሸዋን ሴትዮ በስሟ የሚጠራት የለም። ሁሉም «እትዬ ራጅ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት በወንዶቹ በኩል የሚፈትሸው ጡረተኛ አስር አለቃ ነው። «ሐኪም ቤት ለራጅ ከምትሰለፉ እዚህ ኑና እሷ ትዳብሳችሁ፤ ጉበታችሁ ውስጥ ያለውን ትነግራችኋለች» ብሎ ከቀለደ ወዲህ ተለጥፎባት ቀረ። ቀልድ ይሁን እንጂ ውሸት አልነበረም። በሩ ላይ የቆመው የሚጮኸው ማሽን ከተበላሸ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ዛሬ ይጠገናል ነገ ይጠገናል ሲባል አቧራ ለብሶ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ የእትዬ ራጅ አሥር ጣት ነው። መጋረጃውን ገለጥ ታደርግና «ነይ እናቴ፣ እጅሽን ከፍ» ትላለች፤ ከአንገት ጀምራ እስከ ቁርጭምጭሚት ትወርዳለች፤ በቃ፣ አለቀ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያላገኘችው ነገር የለም። በጸጉር ጉንጉን ውስጥ ምላጭ፣ በጫማ ሶል ውስጥ ሰንጢ፣ በፔርሙዝ ቂጥ ካራ አግኝታለች። ፍርድ ቤት ነዋ! ባልና ሚስት የሚፋቱበት፣ ወንድም ከወንድሙ በአንድ ክንድ መሬት የሚካሰስበት፣ ሰው ሁሉ ሆዱ ቆስሎ የሚመጣበት ቦታ ነው። ስለት የያዘ ሁሉ ደግሞ ለክፉ አይደለም የያዘው። ሽንኩርት ሻጯ ቢላዋን ከዘንቢሏ ሳታወጣ ትመጣለች፤ ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ትረሳለች። እንዲህ ያለችዋ ቁጥር ይሰጣትና ስትወጣ ዕቃዋን ትወስዳለች። ደብቃ የተገኘችዋ ግን ወደ ፖሊስ ነው። ፍርዱ አናቷን ያዞረው ሴት ዕቃዋን ረስታ እየሄደች፣ የቀረው ሁሉ ከጠረጴዛው ሥር ባለ የቆርቆሮ ሳጥን ይጠራቀማል። የሳጥኑ ቁልፍ ያለው እትዬ ራጅ ዘንድ ነው።

ጣጣው የመጣው ክንዷን በፋሻ ጠቅልላ በመጣች ሴት ነው።

«ምን ሆነሽ ነው እናቴ?» አለቻት እትዬ ራጅ።

«ወድቄ ነው።»

እትዬ ራጅ እጇን በፋሻው ላይ አሳለፈች። የተሰበረ ክንድ ሲነኩት ባለቤቱ ይሸሻል፤ ይቺ ግን ንቅንቅ አላለችም። ፋሻው ሲፈታ ክንዷ ደህና ነው፤ ከክንዷ ጋር አንድ ጩቤ ተጠቅልሏል። ለካስ ከውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚጠብቃት ባሏ ኖሯል! ሴትዮዋ አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ፖሊሱ ሲወስዳት ዞር ብላ «አንቺ የሚደበድብ ባል የለሽም፤ በምን ታውቂው» ብቻ አለቻት። ስድስት ወር ተፈረደባት።

እርግጥ እትዬ ራጅ የሚደበድብም የማይደበድብም ባል የላትም። የነበራት ልጃቸው ድክ ድክ ሳትል ውልቅ ብሎ የሄደ ነው። ያለቻት ያቺው አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ኪራይ ቤቷም፣ ሥራዋም፣ ጸሎቷም በልጅቷ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

ሴትዮዋ በታሰረች በሳምንቱ፣ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለው የመብራት ምሰሶ ተደግፎ አንድ ቡናማ ኮፍያ ያጠለቀ ሰውዬ ቆመ። የመጀመሪያው ቀን ሰው የሚጠብቅ መሰላት። በሁለተኛው ቀንም ቆመ። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ወጥታ ወደ አውቶቡስ ስትሄድ ከኋላ ደረሰባትና፣ ድምፁን ከፍ እንኳ ሳያደርግ፣ ልክ እንደ ዘመድ ቀስ ብሎ፣ «እህቴን ያሳሰርሻት አንቺ ነሽ። አንቺም ልጅ አለሽ አሉ፤ ከትምህርት ቤት ብቻዋን ነው የምትመለሰው» አላት። ይኸው ነው። አልሰደባት፣ አልነካት። ኮፍያውን አስተካክሎ ተመልሶ ሄደ።

ክው አለች። አውቶቡሱ መጥቶ ሲሄድ አላየችውም። በማግስቱ ኃላፊዋ ቢሮ ገብታ ተናገረች።

«ነካሽ?» አላት ኃላፊው።

«አልነካኝም።»

«ታዲያ ምን ልበለው? መንገዱ የመንግሥት ነው፤ ምሰሶውም የመንግሥት ነው። መቆም ወንጀል አይደለም።»

እውነቱን ነው እንዳትሉኝ ብቻ! የእሱ ልጅ ብትሆን ምሰሶውን ከነሽቦው ይነቅለው ነበር። አስር አለቃው ነገሩን ሰምቶ «ልሂድና በአንድ ጥፊ ላናግረው?» ቢላት፣ «ይተዉት ጋሼ፣ ይብስበታል» ብላ ለመነችው። ኮፍያውም በየቀኑ በሦስት ሰዓት መጥቶ ይቆማል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይሄዳል። ሠራተኛ እንኳ እንዲህ ሰዓት አያከብርም።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ራጅ ሰው አልሆነች። ብትተኛ እንቅልፍ አይወስዳት። ልጅቷን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤቷ በር ድረስ ትሸኛታለች፤ ከሰዓት ደግሞ ከጎረቤት ልጆች ጋር ካልሆነ እንዳትመለስ አስምላታለች። «እማ ምን ሆነሽ ነው? አንደኛ ክፍል መሰልኩሽ እንዴ?» ትላለች ልጅቷ። ምን ብላ ትንገራት? ልጅ ፈርቶ ከሚያድግ እናት ፈርታ ብትሞት ይሻላል ብላ ዋጠችው።

አንድ አርብ በምሳ ሰዓት፣ አብራት የምትፈትሸው ባልደረባዋ ለምሳ ወጥታ ሳለ፣ ሐሳቡ እንደ ዘበት መጣላት። «እኔስ ብይዝ?»

ልብ በሉልኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሴቶችን ዐይን ዐይናቸውን እያየች «ለምን ያዝሽው?» ስትል የኖረች ሴት ናት። ፈርቼ ነው ያሏትንም ሁሉ አላመነችም ነበር። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ እስኪደርስበት ድረስ ሁሉም ዳኛ ነው።

መጋረጃውን ዘጋችና ሳጥኑን ከፈተች። አንድ በአንድ አነሳቻቸው። አንድ የሥጋ ሻጭ ካራ አለ፤ ግርማው ብቻ ሰው ያባርራል፣ ግን የት ይገባል? ቀይ እጀታ ያላት ሰንጢ አለች፤ ትንሽ ናት፣ ኪስ ትገባለች፣ ስትከፈት ግን ቀጭ የሚለው ድምጿ ሰፈር ይሰማል። ወረቀት መቁረጫ ከተር አለ፤ እሱ ደግሞ ጫን ሲሉት የሚሰበር ነው። ከነዚህ መሀል አንድ ጩቤ ነበረች፤ እጀታዋ እጅ ላይ ልክክ የምትል፣ ከቆዳ አፎቷ ሳብ ሲያደርጓት ያለድምፅ የምትመጣ። ቢላ የሚመርጥ ሰው ሁሉ፣ አእምሮ ካለው፣ ያችን ነበር የሚያነሳው። እጄ ላይ ትረጋለች? ቶሎ ትወጣለች? እኔን ሳትቆርጥ ትቀመጣለች? ይኸው ነው ጥያቄው።

እትዬ ራጅ አንዱንም አልጠየቀች። ዐይኗን ጨፍና እያንዳንዱን ከቀሚሷ ሥር ታስገባና በሌላው እጇ ከላይ ትዳብሰው ጀመር። የምትመርጠው እንደ ያዥ ሳይሆን እንደ ፈታሽ ነበር። ሠራተኛም ጠዋት ጠዋት ይፈተሻል፤ እሷን የምትፈትሻት ደግሞ ቀጮ የሚሏት ባልደረባዋ ናት። ቀጮን እጇን ይዛ ያስተማረቻት ራሷ ናት። ያስተማረቻት ልጅ ቢላ ካገኘችባት የአሥራ አንድ ዓመት ሥራና ስም በአንድ ጀንበር ገደል ገባ፤ እንጀራውም ቀረ፤ ልጅቷንስ በምን ታሳድጋታለች? ስለዚህ ጩቤዋን መለሰቻት። «አፎት ጣት ላይ ይናገራል» አለች በልቧ።

ከሳጥኑ ግርጌ ያገኘችው አንድ የወጥ ቤት ቢላ ነው፤ በመሳል ብዛት ያለቀ፣ እንደ ቅጠል የሳሳ፣ እጀታው ወልቆ ጭራው በጨርቅ የተጠቀለለ። ከቀሚሷ ሥር አድርጋ ደባበሰችው። ጣቷ አላገኘውም። ደገመችው፤ አላገኘውም። የዚያን ቀን መጀመሪያ የረካችበት ነገር ይህ ነበር።

ቅዳሜ ልጅቷ ጓደኛዋ ቤት ለጥናት ስትሄድ በሩን ቆልፋ ተቀመጠች። ስለቱን በቁራጭ ጨርቅ ጠቀለለችው፤ ከከናቴራዋ ጀርባ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መሀል፣ የደከመ ፈታሽ እጅ ሁልጊዜ የሚቸኩልበት ቦታ ላይ፣ የጨርቅ ኪስ ሰፋች። ለብሳ መስታወት ፊት ቆመች፤ ምንም አይታይም። እስቲ ላውጣው ብላ እጇን ወደ ኋላ ጠመዘዘች፤ አልደረሰችም። በወገቧ በኩል ሞከረች፤ አልደረሰችም። መጨረሻ ላይ ከናቴራውን ካላወለቀች እንደማይወጣ ገባት። ጠላት ሲመጣባት «ቆይማ ወንድሜ፣ አንዴ ልብሴን ላውልቅ» ልትለው ነው እንግዲህ! እሷ ግን አልሳቀችም። «ዋናው አለመገኘቱ ነው» ብላ ራሷን አሳመነች። ፈታሽ ናታ! ለእሷ በዓለም ላይ ያለው ትልቁ መዓት መገኘት ነው።

ሰኞ ጠዋት ቀጮ መጋረጃውን ገለጠችላት።

«ነይ እመቤቴ፣ እጅሽን ከፍ!» አለች ቀጮ፣ ሁልጊዜ እንደምትቀልደው የእሷኑ ድምፅ አስመስላ።

እትዬ ራጅ እጇን አነሳች። የቀጮ እጅ ከአንገቷ ተነስቶ ወደ ትከሻዋ ሄደ። ልቧ ድው ድው ሲል ለራሷ ተሰማት።

«እትዬ፣ ላብ በላብ ሆነሻል እኮ። አመመሽ እንዴ?»

«ጉንፋን ነው።»

እጁ ጀርባዋ ላይ ወረደ፣ አለፈ፣ ወገቧ ጋ ደረሰ። «እለፊ» አለቻት ቀጮ። እትዬ ራጅ መጀመሪያ ትንፋሿ ተመለሰ፤ ቀጥሎ ደግሞ፣ ይገርማችኋል፣ ንድድ አለች። «አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ነው ያስተማርኩሽ?» ልትላት ትንሽ ነበር የቀራት።

ቢላውን ከያዘች በኋላ ፍርሃቱ የሚቀንስ መስሏት ነበር። የት! ድሮ የምትፈራው አንድ ሰውዬ ነበር፤ አሁን ቀጮንም፣ ኃላፊውንም፣ አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዋ የሚቆመውን ሁሉ ትፈራ ጀመር። ወንበር መደገፍ ቀረ። እንደ ችካል ተገትራ ትውላለች። «እትዬ ራጅ፣ ለጄኔራልነት ተመለመልሽ እንዴ?» ይላል አስር አለቃው። እጇም ሰነፈ፤ ሴት እየዳበሰች ሐሳቧ ከራሷ ጀርባ ላይ ነው። አንድ ቀን ሁለት ክንድ የሚያህል የብረት ዘነዘና በዘንቢል የያዘች ሴት ልታሳልፍ ስትል ሴትዮዋ ራሷ «ኧረ ይቺን የት ላስቀምጣት?» አለቻት።

ከሁሉ የባሰው ቤት ነው። ሰውዬው ቤት ድረስ ቢመጣስ ብላ ከመኝታ በቀር አታወልቀውም። ልጅቷ ደግሞ ማቀፍ የምትወድ ልጅ ናት፤ ከኋላ መጥታ አንገቷ ላይ ካልተንጠለጠለች የመጣች አይመስላትም። አሁን ገና ጠጋ ስትል እናቷ ዞር ትላለች። «ተይኝ፣ ላብ በላብ ነኝ።» «ተይኝ፣ ወገቤን አሞኛል።» በአምስተኛው ቀን ልጅቷ ደብተሯን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«እማ፣ ተቀይመሽኛል?»

«ምን አድርገሽኝ ነው የምቀየምሽ?»

«እኔ እንጃ። ሰሞኑን ስነካሽ ትሸሺኛለሽ።»

ይህን ሁሉ የተሸከመችው ለማን ሆነና! ተነስታ እቅፍ ልታደርጋት አሰበችና ቢላው ትዝ ሲላት ቁጭ አለች። «የማይሆን ነገር አታስቢ፣ ደክሞኝ ነው» ብቻ አለቻት። የዚያን ምሽት ከናቴራዋን ስታወልቅ ስለቱን የጠቀለለችበት ጨርቅ አንድ ቦታ ላይ ሳስቶ አየችው። «ነገ እቀይረዋለሁ» አለች። ነገ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነበረውና አልቀየረችውም።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ቀን ምሰሶው ሥር ሰው የለም። ሦስት ሰዓት አለፈ፣ አራት ሰዓት አለፈ፤ ኮፍያው የለም። ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ይላል። እሷ ግን ነፍሷ ልትወጣ ደረሰች። እዚህ ከሌለ የት ነው? ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይሆን? መጋረጃውን እየከፈተች መንገዱን ታያለች፤ ሴቶቹን ታሳልፋለች፤ መልሳ ታያለች። ስድስት ሰዓት ላይ «ቀጮዬ፣ ያዢልኝ፤ ልጄ ጋ ደርሼ ልምጣ» ብላ ስትወጣ አስር አለቃው በሩ ላይ አገኛት።

«ወዴት ነው በእንዲህ ያለ ሩጫ?»

«ሰውዬው ጠፋ ጋሼ! ዛሬ አልመጣም!»

«ከየት ይመጣል? ሄደ እኮ! የእህቱ ይግባኝ ጸድቆላት ትናንት ተፈታለች። ዛሬ በማለዳ አውቶቡስ ተራ አየኋቸው፤ እኔም የወንድሜን ልጅ እየሸኘሁ ነበር። ወደ እናታቸው ሀገር እየሄዱ ነው። ሰውዬው አፈር ብሎ ቆሟል፤ ሴትዮዋ ግን ጠርታ አናገረችኝ።»

«ምን አለችዎት?»

«‹ለፈታሿ ንገሩልኝ፤ ወንድሜ ያለውን ሰምቼ አፍሬያለሁ። ያን ቀን ባታገኝብኝ ኖሮ ዛሬ ነፍሰ ገዳይ ነበርኩ› አለች። በይ አሁን ተንፍሺ።»

እትዬ ራጅ በቆመችበት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ኃላፊው ራሱ አይቷት «ሂጂ፣ ዛሬ እረፊ» አላት፤ ሰውዬው ለካ ሲፈልግ ሰው ነው። አውቶቡስ ውስጥ ብቻዋን ስትስቅ አጠገቧ የተቀመጠው ሽማግሌ ፈራ ብሎ ራቅ አለላት። ምስጋናውም፣ እፎይታውም፣ የልጇም ናፍቆት አንድ ላይ መጥቶባት ጀርባዋ ላይ ምን እንዳለ ከናካቴው ረሳችው።

ቤት ስትደርስ ልጅቷ፣ የዚያን ቀን ትምህርቱ ግማሽ ቀን ብቻ ነበርና፣ አልጋው ላይ ተጋድማ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። «እማ! በዚህ ሰዓት?» ብላ ብድግ አለች።

«ነይ! ነይ እስቲ እናቴ!» እትዬ ራጅ ሁለት እጇን ዘረጋች።

ልጅቷ ሁለት ሳምንት የቀረባትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ልትወስድ ሮጣ መጥታ ተጠመጠመችባት። ሁለት እጇን በእናቷ ጀርባ አሳልፋ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ይዛ፣ ባላት ጉልበት ጭምቅ አደረገቻት። ወዲያው «ዋይ!» ብላ ለቀቀቻት። እጇን ዘርግታ አየችው። መዳፏ ከአውራ ጣቷ ሥር እስከ ትንሿ ጣቷ ድረስ ተከፍቷል፤ ደሙ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ሲደርስ ግን በማን እጅ እንደሚደርስ የሚነግር የለም።

«እኔን ይድፋኝ! እኔን!» እያለች ሻርፗን ቀዳ እጇን ጠቀለለችላት፤ ይዛት ወጣች፤ ታክሲ አስቆመች። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ፊቷ ብቻ አመድ መስሏል። መንገድ ላይ ቀስ ብላ «እማ፣ ጀርባሽ ላይ ያለው ምንድነው?» አለች።

«ዝም በይ እናቴ፣ እጅሽን ከፍ አድርገሽ ያዢው።»

«እኔን የምትሸሺኝ ለሱ ነበር?»

እትዬ ራጅ ሻርፑን ጠበቅ አደረገችላት። የታክሲው ሹፌር በመስታወቱ አይቷቸው ነዳጁን ረገጠው።

ጤና ጣቢያው በር ላይ አንዲት በዕድሜ ጠና ያለች ፈታሽ በዱካ ላይ ተቀምጣለች። የልጅቷን እጅ ስታይ ብድግ አለች። «ልጅቷ ትለፍ፣ ትለፍ! አንቺ ግን እጅሽን ከፍ አድርጊልኝ እናቴ፣ ሕጉ ነው።» ልጅቷ አልፋ ገባች፤ አንዲት ነርስ ትከሻዋን ይዛ ወደ ውስጥ መራቻት። የፈታሿ እጅ አንገቷ ላይ አረፈ፣ ጀርባዋ ላይ ቸኮለ፣ ወገቧ ላይ ደረሰ።

«እለፊ እናቴ፣ እግዜር ይማርልሽ።»

አልተገኘም። ማለፍ ትችላለች። በዓለም ላይ የሚያውቅባት የለም፤ ልጅቷም «መስታወት ቆረጠኝ» እንደምትልላት ታውቃለች፣ እናቷን የምታሳጣ ልጅ አይደለችም። ከውስጥ «እማ፣ ነይ እንጂ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። እግሯ ግን አልንቀሳቀስ አለ። ስንት ሴት በእጇ አልፋለች፤ ስንቷስ እንዲህ አልፋ ገብታ ይሆን?

የፈታሿን እጅ ያዘችና ወደ ኋላ አዙራ ጀርባዋ ላይ፣ በሁለቱ ትከሻዎቿ መሀል፣ አሳረፈችው።

«እዚህ ጋ አለፈሽ» አለቻት።

«ምንድነው?»

«ቢላ ነው። ስለቱ ወጥቷል፤ አንቺንም እንዳይቆርጥሽ ቀስ ብለሽ አውጪው።»

ሴትዮዋ በርግጋ ዘበኛውን ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ከናቴራውን ከኋላ ገልጣ፣ ስፌቱን ተርትራ፣ ያቺን የሳሳች ቢላ በሁለት ጣቷ ይዛ አወጣቻት። ጨርቁ ላይ ያለው ደም ገና እርጥብ ነው። ደሙን አየች፤ ልጅቷ የገባችበትን በር አየች፤ እትዬ ራጅን አየቻት። እትዬ ራጅ ሁለት እጇን እንዳነሳች ነው።

«ሴትዮ፣ ልጅቷን ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?»

እትዬ ራጅ ይህን የመሰለ ጥያቄ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠይቃለች፤ ባሌ ነው፣ ጎረቤቴ ነው፣ ሸይጣን ነው ሲሏት ሰምታለች።

«እኔ ነኝ» አለቻት።